ያላዩትን ዝናብ ማመን፦ ስለ ደራሽ ጎርፍና ስለ ማስጠንቀቂያው

ዕለቱ ረቡዕ፣ ዙልሒጃ 8 ቀን 1430 ዓመተ ሒጅራ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 25 ቀን 2009። ሐጃጆች ኢሕራማቸውን ለብሰው ወደ ሚና በሚያመሩበት በዚያ የተርዊያ ዕለት በጅዳ ላይ ከባድ ዝናብ ወረደ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የጣለው 90 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከተማዋ በአንድ ዓመት ሙሉ በአማካይ ከምታገኘው ይበልጣል። በምሥራቅ በኩል ካሉት ኮረብታዎች የተሰበሰበው ውሃ ለዓመታት ደርቀው የቆዩትን ሸለቆዎች ተከትሎ ወደ ባሕሩ ሲወርድ፣ በመንገዱ ላይ ያገኘው አሸዋ ሳይሆን የሰው መኖሪያ ነበር። በዋዲ ቀውስ መውረጃ ላይ የተቆረቆረው የቁወይዛ ሰፈር ክፉኛ ተመታ። መኪኖች እንደ ገለባ እየተንሳፈፉ እርስ በርስ ተደራረቡ። በዚያ ጎርፍ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ።

ከሟቾቹ አንዱ ፈርማን ዐሊ ኻን የተባለ ፓኪስታናዊ ነበር። እንደ ብዙዎቻችን ሁሉ ቤተሰቡን ለማስተዳደር አገሩን ለቆ የመጣ ስደተኛ ነው። ጎርፉ ሰፈሩን ሲያጥለቀልቅ ገመድ ይዞ ወደ ውሃው ገባና አሥራ አራት ሰዎችን አንድ በአንድ አወጣ። ሌላ ሰው ለማዳን ተመልሶ ሲገባ ግን ውሃው እርሱን ወሰደው። የሳዑዲ መንግሥት ከሞተ በኋላ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝን ኒሻን ሰጥቶ አክብሮታል። አላህ ይዘንለት።

የዚህን ሰው ጀግንነት ስናስብ አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል። አሥራ አራቱም ሆኑ የሞቱት በዚያን ጠዋት ሸለቆ ውስጥ እንደሚኖሩ ያውቁ ነበርን? ብዙዎቹ የሚያውቁት ሰፈራቸውን እንጂ ሸለቆውን አልነበረም። መሬቱ ደረቅ ነው፤ አስፋልት ተነጥፎበታል፤ ሱቅ ተከፍቶበታል። ውሃው ግን የቀድሞ መንገዱን አልረሳም።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚያ መንገድ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በሳዑዲም ሆነ በኦማን የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ወገናችን የዝናብ ማስጠንቀቂያ በስልኩ ሲደርሰው ምን ማለት እንደ ሆነ እንዲረዳና በቀረው አጭር ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው።

ጥሩ ሰማይ ሥር የሚመጣ ውሃ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ፈሰሰ ማለት ነው። ስለዚህ 90 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ቢወርድ 90 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል፤ ክብደቱም 90 ሺህ ቶን ነው። አንድ ሸለቆ ደግሞ ውሃ የሚሰበስበው ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን ከብዙ ኮረብታና ተዳፋት ነው።

በአገራችን ደጋ ላይ ዝናብ ሲጥል ሣሩ፣ ዛፉና ጥቁሩ አፈር ከፊሉን ይመጠዋል። በበረሃ ግን ዐለቱ ራቁቱን ነው፤ አፈሩም በፀሐይ ተጋግሮ ጠንክሯል፤ ውሃውን የሚያዘገይ ተክል ጥቂት ነው። ስለዚህ ዝናቡ ወደ መሬት ከመስረግ ይልቅ በላዩ ላይ ይሮጣል። ትንንሾቹ ቦዮች ወደ ትልልቆቹ፣ ትልልቆቹም ወደ ዋናው ሸለቆ ይገባሉ። ሸለቆው ጠበብ ባለበት ቦታ ውሃው ከፍ ይላል፤ ይፈጥናል፤ ድንጋይና ግንድ ይዞ ይወርዳል። ሰዎች «ደራሽ» ያሉት በአግባቡ ነው፤ በድንገት ይደርሳልና።

ከሁሉ የሚከፋው፣ ጎርፉ በሚደርስበት ቦታ አንድ ጠብታ እንኳ ላይጥል መቻሉ ነው። ዝናቡ በሩቅ ተራራ ላይ ጥሎ ውሃው ከሰዓታት በኋላ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ሊመጣ ይችላል። በሸለቆ ውስጥ ፍየል የሚጠብቅ እረኛ፣ በእርሻ ቦታ በደሳሳ መጠለያ የሚያድር ሠራተኛ፣ በዕረፍት ቀኑ ከጓደኞቹ ጋር ምግብ ይዞ ወደ ዋዲ የወረደ ወጣት፣ ሁሉም ሰማዩን ተመልክተው ሊዘናጉ ይችላሉ። ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ማስጠንቀቂያን መቀበል ማለት ያላዩትን ዝናብ ማመን ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ድሬዳዋን መሐል ለመሐል የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፤ ይነግድበታል። በሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች የወረደው ውሃ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከሁለት መቶ ኀምሳ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤት አልባ ሆኑ። ደቻቱም ዋዲ ቀውስም አንድ ትምህርት ይሰጣሉ፤ የደረቀ ወንዝ የሞተ ወንዝ አይደለም።

ከሞቃት ባሕር የሚነሣው ማዕበል

በዚህ አካባቢ ከባድ ዝናብ የሚመጣበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በጅዳና በምዕራቡ ጠረፍ ብዙውን ጊዜ የሚያሰጋው ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ያለው ወቅት ነው። በጂዛንና በዐሲር ተራሮች ደግሞ ልክ እንደ አገራችን በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓዳማ ዝናብ ይጥላል። በኦማንና በየመን ጠረፍ የሚፈራው ግን ከዐረቢያ ባሕር የሚነሣው የሐሩር ማዕበል ነው።

የሐሩር ማዕበል ኃይሉን የሚያገኘው ከሞቀ የባሕር ውሃ ነው። ከባሕሩ የሚተነው እርጥበት ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት አየሩን ይበልጥ ያስነሣል፤ ነፋሱም እየተሽከረከረ ይጠነክራል። በዐረቢያ ባሕር ይህ የሚደርሰው በተለይ በሁለት ወቅቶች ነው፤ በግንቦትና በሰኔ፣ እንዲሁም በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ። በጁን 2007 ጎኑ የተባለው ማዕበል ኦማንን መትቶ የብዙ ሰው ሕይወት አጥፍቷል። በሜይ 2018 መኩኑ የተባለው ሳላላ አጠገብ ሲያርፍ በከተማዋ በአንድ ቀን የወረደው ዝናብ ከአንድ ዓመት አማካይ ዝናቧ ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። በኦክቶበር 3 ቀን 2021 ደግሞ ሻሂን በሰሜን ኦማን ጠረፍ ገብቶ ባጢናን አጥለቀለቀ።

የማዕበል ስም ሲጠራ ሰው የሚፈራው ነፋሱን ነው። ይሁንና በእነዚህ አገሮች ብዙ ሰው የሚሞተው በውሃው ነው። ማዕበሉ ወደ የብስ ገብቶ ነፋሱ ከደከመ በኋላም ደመናው የተሸከመውን ውሃ በተራሮች ላይ ይጥላልና፣ «ማዕበሉ አለፈ» በተባለ ማግስት ሸለቆዎቹ ገና እየሞሉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ማዕበል ባይኖርም እንኳ አደጋው አለ። በኤፕሪል 2024 አጋማሽ በኦማን ሰመድ አሽ ሻን በተባለው አካባቢ ተማሪዎችን የጫነ ተሽከርካሪ በጎርፍ ተወስዶ በርካታ ሕፃናት ሞቱ። በሁለተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 16፣ ያው የአየር ሁኔታ ወደ ዐረብ ኤምሬትስ ተሻግሮ በአል ዐይን አካባቢ ኸጥም አሽ ሸክላ በተባለ ቦታ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዘገበ። በአገሪቱ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ እንዲህ ያለ ዝናብ አልታየም ነበር።

የማስጠንቀቂያው ቀለምና ቃል

የሳዑዲ ዐረቢያም ሆነ የዐረብ ኤምሬትስ የሜትዎሮሎጂ ማዕከሎች ማስጠንቀቂያቸውን በቀለም ለይተው ያወጣሉ። ቢጫው፣ በዐረብኛ «አስፈር»፣ ተጠንቀቁ፤ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ሥራ ካላችሁ ሁኔታውን ተከታተሉ ማለት ነው። ብርቱካናማው፣ «ቡርቱቃሊ»፣ አደገኛ የአየር ሁኔታ ይጠበቃልና የመንግሥትን መመሪያ ፈጽሙ ይላል። ቀዩ፣ «አሕመር»፣ እጅግ ከባድ አደጋ ደርሷል ወይም ሊደርስ ነው ማለት ሲሆን፣ ይህ ሲወጣ መንገድ ላይ መገኘት አይገባም።

ብዙ ወገኖቻችንን የሚጎዳው ማስጠንቀቂያው አለመድረሱ ሳይሆን ደርሶ አለመነበቡ ነው። ስልኩ በኃይል ይጮኻል፤ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ይታያል፤ ባለቤቱም ማስታወቂያ መስሎት ያጠፋዋል። ስለዚህ የሚከተሉትን ጥቂት ቃላት ማወቅ ይጠቅማል። «ሰይል» ጎርፍ ነው፤ ብዙ ሲሆን «ሱዩል» ይባላል። «ጀረያን አስ ሱዩል» ማለት ጎርፉ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። «ዋዲ» ሸለቆ፣ «አውዲያ» ሸለቆዎች ናቸው። «አምጣር ገዚራ» ከባድ ዝናብ፣ «በረድ» በረዶ፣ «ሰዋዒቅ» መብረቅ ነው። «ኢብተዒድ» የሚለው ራቅ፣ ሽሽ ሲል፣ «ኢብቀ ፊል በይት» ደግሞ ቤት ቆይ ይላል። በአንድ መልእክት ውስጥ «ሱዩል» እና «አሕመር» አብረው ከታዩ የቀረውን ሳያነቡም ወደ ከፍታ መሄድ ይገባል።

መልእክቱን ያነበበ ላላነበበው ይንገር። በቤት ውስጥ የምትሠራ እኅት ስልኳ ዘወትር በእጇ ላይኖር ይችላል፤ በእርሻ ያለው ወንድምም ኔትወርክ ላያገኝ ይችላል። አንድ አጭር የድምፅ መልእክት በአማርኛ መላክ ሕይወት ያድናል። ሲልኩም ምንጩ የመንግሥት ማዕከል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዓመታት በፊት የተቀረጸ የጎርፍ ቪዲዮ የዛሬ መስሎ ሲዞር ሰው በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛውንም ማስጠንቀቂያ እንዳያምን ያደርጋልና።

በመንገድ ላይ

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአበው ብሂል በመኪና መሪ ላይ ላለ ሰው የተነገረ ይመስላል። ዐሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ጤነኛ ጎልማሳን ሊጥል ይችላል። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ውሃ ትንሽ መኪናን ማንሳፈፍ ይጀምራል። ስድሳ ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትልልቅ መኪኖችን ጭምር ይወስዳል። መኪና ከባድ ስለሆነ አይንሳፈፍም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ውስጡ አየር ነውና ጎማው መሬቱን ሲለቅ መሪው ዋጋ ያጣል። በኤፕሪል 2024 በራስ አል ኸይማ በሰባዎቹ ዕድሜ የነበሩ አንድ የአገሩ ተወላጅ አዛውንት የሞቱት መኪናቸው በጎርፍ ተወስዶ ነው። ሸለቆውን አሳምሮ ማወቅ ከውሃው አያድንም።

ስለዚህ ውሃ መንገዱን ካቋረጠ ይመለሱ። ከፊትዎ ያለው መኪና ማለፉ ለእርስዎ ማስረጃ አይሆንም፤ ውሃው በየደቂቃው ከፍ ይላል፤ ከሥሩ ያለው አስፋልት ተቦርቡሮ ሊሆንም ይችላል። መኪናዎ በውሃ መሐል ከቆመና ውሃው ገና ዝቅተኛ ከሆነ ንብረቱን ትተው ወደ ከፍታ ይውጡ። ውሃው ከከበበዎት የመቀመጫ ቀበቶዎን ፈትተው መስኮቱን ቶሎ ይክፈቱ፤ የኤሌክትሪኩ መስኮት በውሃ ከተበላሸ አይከፈትም። በሩ በውሃ ግፊት አልከፈት ካለ በመስኮቱ ወጥተው ጣሪያው ላይ ይሁኑና ለእርዳታ ይደውሉ። መስበር ካስፈለገ የጎኑን መስታወት እንጂ የፊቱን አይሞክሩ።

ሹፌር ሆኖ የሚሠራ ወንድም አንዳንድ ጊዜ አሠሪው «እለፍ» ሊለው ይችላል። በዚህ ጊዜ በአክብሮት ማስጠንቀቂያውን ማሳየትና ሕጉን ማስታወስ ይቻላል። በሳዑዲ ዐረቢያ ጎርፍ የሚፈስበትን ሸለቆ በመኪና ለማቋረጥ መሞከር ከ5,000 እስከ 10,000 ሪያል ያስቀጣል። በዐረብ ኤምሬትስ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ በጎርፍ ወደ ተሞላ ሸለቆ መግባት 2,000 ድርሃም፣ 23 ጥቁር ነጥብና መኪናውን ለ60 ቀን ማስያዝ ያስከትላል። ጎርፉን ለማየት በሸለቆ ወይም በግድብ አጠገብ መሰብሰብም በዚያው አገር ያስቀጣል። «ቅጣት አለበት» የሚለው ቃል «ፈራሁ» ከሚለው ይልቅ ቶሎ ይሰማል፤ ሕጉም የተደነገገው ሹፌሩንም አሠሪውንም ለማዳን ነው።

በቤትና በሥራ ቦታ

ከዝናቡ በፊት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ የሚኖሩበትን ቦታ ዞር ብለው ይመልከቱ። ሸለቆው በየት በኩል ነው? ውሃው ቢመጣ ወደ የትኛው ከፍታ ይወጣሉ? በምድር ቤት ወይም በግቢው ዝቅተኛ ክፍል የሚተኙ ከሆነ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ማስጠንቀቂያ በወጣበት ሌሊት ከፍ ወዳለው ፎቅ እንዲሸጋገሩ አሠሪዎን አስቀድመው ይጠይቁ። ከመሬት በታች ያለ ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላ ይችላልና ዕቃ ለማውጣት ብለው አይውረዱ።

ፓስፖርትን፣ ኢቃማንና ሌሎች ሰነዶችን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ፎቶ አንሥቶም ለቤተሰብ መላክ መልካም ነው። ስልክዎን ቻርጅ ያድርጉ፤ የሚጠጣ ውሃና መድኃኒት ያዘጋጁ። ውሃ ወደ ቤት መግባት ከጀመረና የቆሙበት ወለል ደረቅ ከሆነ የኤሌክትሪኩን ዋና ማጥፊያ ያጥፉ፤ ወለሉ ከራሰ ግን ማጥፊያውንም ሆነ ሶኬቱን አይንኩ።

በሸለቆ ውስጥ የሚያድር እረኛ ወይም የእርሻ ሠራተኛ ሌላ ምልክቶችንም ይወቅ። በሩቅ ተራራ ላይ የጠቆረ ደመናና መብረቅ፣ ጥርት ብሎ ይፈስ የነበረ ውሃ በድንገት መደፍረሱ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣቱ፣ ከላይ በኩል እንደ ከባድ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ፣ እነዚህ ሁሉ ጎርፉ እየመጣ መሆኑን ይናገራሉ። በዚህ ጊዜ በሸለቆው ውስጥ ወደ ታች አይሮጡ፤ ውሃው ይቀድምዎታል። በጎን በኩል ወደ ከፍታ ይውጡ። መንጋው በአንድ ወገን፣ ሕይወትዎ በሌላ ወገን ከሆነ ሕይወትዎን ይምረጡ። መብረቁ በርቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለው ጊዜ ከ30 ሰከንድ ካነሰ ደግሞ ከብቸኛ ዛፍና ከብረት ምሰሶ ርቀው ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ይግቡ።

ሰው ሲወሰድ ቢያዩ ፈርማን ዐሊ ኻንን ያስታውሱ ይሆናል። ልቡን መውረስ ይገባል፤ ሆኖም ለእርዳታ መጀመሪያው መንገድ ወደ ውሃው መግባት ሳይሆን ከዳር ሆኖ ገመድ፣ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ወይም ረጅም እንጨት መወርወርና ወዲያው መደወል ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ለሲቪል መከላከያ 998፣ በመካ፣ በመዲና፣ በሪያድና በምሥራቁ ክፍለ ሀገር 911 ይደወላል። በዐረብ ኤምሬትስና በቀጠር 999፣ በኦማን 9999፣ በኩዌት 112፣ በባሕሬን 999 ነው። ሲደውሉ አስቀድመው የሰፈሩን ስም ይናገሩ። «ሙሕተጀዝ ፊ ሰይል»፣ ሴት ከሆኑ «ሙሕተጀዛ ፊ ሰይል» ማለት በጎርፍ ተከብቤያለሁ ማለት ነው። ይህቺን አጭር ዐረፍተ ነገር ዛሬውኑ በቃል መያዝ ይገባል።

ጥንቃቄና ተወኩል

«አላህ ያለው ይሆናል» ብሎ ወደ ውሃው መንዳት ተወኩል የሚመስለው ሰው አለ። ይሁን እንጂ የዲናችን ትምህርት ይህን አያሳይም። በቡኻሪና በሙስሊም እንደ ተዘገበው፣ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን አንድ ሰው በጁሙዓ ኹጥባ ላይ ዝናብ እንዲለመንለት ጠየቀ፤ ዱዓ ተደርጎም ዘነበ። በሚቀጥለው ጁሙዓ ግን ዝናቡ ጉዳት በማምጣቱ እንዲመለስ ተጠየቁ፤ እርሳቸውም ዝናቡ በሰዎች ላይ ሳይሆን በዙሪያቸው ባሉ ኮረብታዎች፣ ሸለቆዎችና የዛፍ ሥሮች ላይ እንዲሆን ለመኑ። ዝናብ ራሕመት ቢሆንም ከጉዳቱ መጠበቅን መፈለግ ከእምነት የሚያጎድል አይደለም።

በዝናባማ ቀን አዛን የሚያደርገው ሰው ምእመናን በየቤታቸው እንዲሰግዱ እንዲያውጅ ኢብኑ ዐባስ ማዘዛቸውም የታወቀ ነው። ሰዎቹ በነገሩ ሲገረሙ፣ ከእርሳቸው የሚበልጠው ይህን እንዳደረገ ነገሯቸው። ታዲያ የጀመዓ ሶላት ስለ ጭቃና ስለ ዝናብ ከቀረ፣ የገበያና የጉብኝት መንገድ ሊቀር እንዴት አይችልም?

መካ ራሷ በተራሮች መካከል ያለች የሸለቆ ከተማ ናትና ጎርፍን ከጥንት ታውቀዋለች። በኸሊፋ ዑመር ዘመን ኡሙ ነህሸል የተባለው ጎርፍ መቃመ ኢብራሂምን ከቦታው አንሥቶ ወስዶ ነበር። ዑመር ከመዲና መጥተው መቃሙን ወደ ስፍራው ከመለሱ በኋላ ዝም ብለው አልተመለሱም፤ ውሃውን የሚያግድ ክትር አሠሩ። የተወኩል ትርጉም በዚያ ክትር ላይ በግልጽ ይታያል።

ዝናቡ ካባራ በኋላ

ጎርፉ ሲያልፍ ሰው ለመመለስ ይቸኩላል። የቆመ ውሃ የፍሳሽ ቆሻሻና የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊኖርበት ስለሚችል ባዶ እግር አይግቡበት፤ ልጆችም እንዳይዋኙበት ይከልክሉ። ጎርፍ የነካውን ምግብ ይጣሉ፤ የሚጠጣውን ውሃ ያፍሉ። በውሃ የተነከረ የኤሌክትሪክ ዕቃ ባለሙያ ሳያየው አይሰካ። ለቤተሰብዎም ደኅና መሆንዎን ይንገሩ፤ አገር ቤት ያሉት ዜናውን ሰምተው ሌሊቱን ሳይተኙ ያድራሉና።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፀሐይዋ ጭቃውን ታደርቀዋለች፤ ሸለቆው እንደገና አሸዋ ይሆናል፤ መኪኖችም ይተላለፉበታል። ቦታውን ለመመርመር፣ ወደ ከፍታ የሚያወጣውን መንገድ ለመለየትና ቁጥሮቹን በስልክ ላይ ለመመዝገብ የሚመቸው ያ ደረቅ ጊዜ ነው። ስልኩ በሚጮኽበት ሰዓት የሚቀረው መነሣት ብቻ ይሁን።